መለካት እምነት ማጣት ነው?

«እግዚአብሔር ካለ ይህ ሁሉ በረዶ መለካት ምንድን ነው?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ከጭንቀት ሊያሳርፉኝ አስበው ስለሆነ ጥያቄያቸውን አልንቀውም። መልሴ ግን ሐይቁ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ሚኒሶታ ጥርና የካቲት ላይ፣ በሰመር ጀልባ የሚታሰርባቸውን የኮንክሪት ክብደቶች በረዶ ሆኖ በረጋው ሐይቅ ላይ እየጎተትን እናስቀምጣለን። በረዶውን በሞተር መጋዝ ቆርጠን ክብደቱን ከነሰንሰለቱ እናወርዳለን። ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ከክብደቱ 40 ከመቶ ያህሉ ስለሚቀልለው ከባዱን መምረጥ ግድ ነው። ከባዱ ደግሞ ከመስጠሙ በፊት የሚያርፈው እኛው በቆምንበት፣ ያውም ቀዳዳ በከፈትንበት በረዶ ላይ ነው።

ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው በረዶውን እየሰረሰርን ውፍረቱን እንለካለን። ለአንድ እግረኛ እንኳ ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ቢያንስ 4 ኢንች ይፈለጋል፤ ነጣ ያለው ጥንካሬው የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ምንጭ በሚፈልቅበትና ወንዝ በሚገባበት ይሳሳል። መጋቢት ላይ ደግሞ ወፍራም መስሎ ውስጡ ይላላል። ብንሰምጥ በረዶውን ቧጥጠን የምንወጣባቸው ሁለት ሹል ብረቶች ከአንገታችን አይለዩም።

አባቶቻችን «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ይላሉ። አምንበታለሁ፤ ሳላማትብ በረዶ አልረግጥም። ነገር ግን ጴጥሮስ በባሕር ላይ የተራመደው ተጠርቶ ነው፤ እኔን ወደ ሳሳ በረዶ የጠራኝ የለም። ጌታም ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን እምቢ ብሏል። ባልተጠሩበት አደጋ ገብቶ «አድነኝ» ማለት አምላክን መፈታተን ነው።

ውሃ እጅግ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ይቀልላል፣ በረዶ ሲሆንም ይንሳፈፋል። ሐይቁ ከላይ ረግቶ ዓሣው ከታች በሕይወት የሚከርመው በዚህ ነው። ይህን ሥርዓት ፈጣሪ እንደሠራው ካመንኩ፣ መሰርሰሪያዬን ይዤ ሥርዓቱን መጠየቅ ለእሱ መታዘዝ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ዱካዬ ነው። ሳልለካ ያለፍኩበትን መንገድ አይቶ ልጁን በእጁ የያዘ አባት ይከተለኛል፤ የእኔን ድፍረት እንደ ዋስትና ቆጥሮ። በራሴ ነፍስ መድፈር እምነት ሊመስለኝ ይችል ይሆናል። በእነርሱ ነፍስ እንድደፍር ግን እግዚአብሔርም ሰውም ፈቃድ አልሰጡኝም።