ክኒኑ ከማዕድ ይቅደም

ልጆቼ፣ እኛ ቦሩ ሜዳ ላይ እንግዳ ሳናበላ አንሸኝም፤ ለታመመማ እጃችን ከጉርሻ አይመለስም። ፓርኪንሰን የያዛቸውን አባት ወይም እናት ስታስታምሙ ግን ይህ ደግነት ሰዓት ይጠበቅለት።

ዶፓሚን የሚባለው እንቅስቃሴያችንን የሚመራ ንጥረ ነገር በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ ያንሳል። ሐኪም የሚያዝዘው ሌቮዶፓ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። መድኃኒቱና የምግቡ ፕሮቲን ግን ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሲያልፉ በአንድ በር ይጋፋሉ። ስለዚህ ክኒኑን ሐኪሙ ሌላ ካላለ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀደም አድርጋችሁ፣ ወይም ከበሉ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ በውኃ ስጧቸው። ባዶ ሆዳቸውን ካቅለሸለሻቸው ትንሽ ደረቅ ዳቦ ይቅመሱ። ሽሮ የጾም ስለሆነ አይከብድም አትበሉ፤ ባቄላና አተር ፕሮቲናቸው ብዙ ነው። ደግሞ ፈርታችሁ ፕሮቲን አትከልክሏቸው፤ በሽታው ራሱ ሰውን ያከሳል።

ውኃው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ብዙም አይሰማውም፣ የደጋው ብርድም ውኃ ያስጠላል። ውኃ ሲያንስ የሆድ ድርቀቱ ይብሳል፣ ከተቀመጡበት ሲነሱም ያዞራቸዋል፤ ያኔም ሊወድቁ ይችላሉ። እስኪጠይቁ አትጠብቁ። እጃቸው ተንቀጥቅጦ ሰው ፊት እንዳይፈስባቸው አፍረው «ጠጥቻለሁ» ይሏችኋል። እጀታ ባለው ሰፊ ኩባያ ግማሽ ብቻ ቅዱላቸውና ቶሎ ቶሎ ጨምሩ። ቡናቸውን አትከልክሏቸው፤ ከሲኒው ጎን ግን ውኃ ይቀመጥ።

ጉርሻውን አሳንሱት። ቀና ብለው ተቀምጠው፣ አንዱን ሳይውጡ ሌላ አታጉርሷቸው። መዋጥ ከከበዳቸው ቆሎ ይቅርባቸው፤ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነም ለሐኪም ንገሩ።

ጾምና ረመዳን ሲመጣ አንጀቴ የሚላወሰው በእነዚህ አዛውንት ነው። ሁለቱም እምነቶቻችን ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ የነፍስ አባታቸው ወይም ሼኻቸው ራሳቸው ይንገሯቸው፤ ከእናንተ ይልቅ እነርሱን ይሰማሉ። ክኒኑን በገዛ እጅ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ስለ ባቄላም ትጠይቁኛላችሁ። እውነት ነው፣ ሌቮዶፓ እ.ኤ.አ. በ1913 የተገኘው ከባቄላ ነው፤ በተለይ እሸቱ ውስጥ አለ። መጠኑ ግን ከእሸት እሸት ይለያያል፤ በክኒኑ ላይ ሲደረብ ሊበዛ ይችላል፣ ከአንዳንድ መድኃኒት ጋርም አይስማማም፤ ባቄላ ደማቸውን የሚጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ለክኒን ምትክ አታድርጉት። ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ደሴ ስትወስዷቸው ክኒኑን የዋጡበትን፣ የበሉበትንና እጅ እግራቸው የታሰረበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ እሸት በልተው ከሆነም ሳትደብቁ ተናገሩ።