ፍሬንና ፈቃድ

መኪና የት እንደሚቆም በአብዛኛው የሚወሰነው ፍሬን ከመረገጡ በፊት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒክአፕ በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ያ 17 ሜትር በከንቱ ያልፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ7 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ ከፍሬኑ በኋላ ያለው ርቀት የፍጥነቱ ካሬ ለ7 እጥፍ፣ ማለትም ለ14 ሲካፈል፣ 20 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጠቅላላው ርቀት 37 ሜትር አካባቢ ነው። መኪናው ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም ቢመዝን ጎማውና መንገዱ 14,000 ኒውተን የሰበቃ ኃይል መስጠት አለባቸው። የጋምቤላ የክረምት ጭቃ ይህን አይሰጥም።

በ80 የመጣ ሌላ ሾፌር አደጋውን እዚያው ቦታ ላይ አይቶ፣ እንደ መጀመሪያው ከአንድ ሰከንድ በኋላ ያንኑ ዓይነት ፍሬን ቢረግጥ፣ የመጀመሪያው መኪና ከቆመበት ቦታ ሲደርስ ገና ከ60 በላይ እየሄደ ነው። አንዱ በድንጋጤ ያልፋል፤ ሌላው ሰው ይገድላል። ከዚያ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይባላል፤ ሟቹን ደግሞ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚል አይጠፋም።

ሾፌሩ ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ የተሻለ ምርጫ አልነበረውም፤ ይህ እውነት ነው። አሪስቶትል ግን ድንጋይ የወረወረ ሰው መልሶ ሊይዘው ባይችልም መወርወር አለመወርወሩ በእጁ እንደነበር ጽፏል። የሾፌሩም ነፃነት ያለው እዚያ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጥ፣ ማርሽ ሲመርጥ። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ይህን ጉልህ ያደርገዋል። ጎሬ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከ500 ሜትር ብዙም አትበልጥም። 15 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና በዚህ ልዩነት የሚለቀው ጉልበት 220 ሚሊዮን ጁል ይሆናል፤ ከ600 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን አየርና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው የፍሬን ሸራው ይቃጠላል። እንግዲህ ታች እምቢ ያለው ፍሬን፣ ገና ከላይ የተመረጠ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም መንገዱ ይኸው ነው። በድንገተኛ አጋጣሚ ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል የደረሰ ጉዳት አያስቀጣም፤ ማወቅ እየቻለ ያላሰበ ግን በቸልተኝነት ይጠየቃል።

ስሌቱ የማይነካው ጥያቄ አለ፦ ለምን ይህ ሰው፣ ለምን በዚህች ደቂቃ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአኙዋ ተዋጊዎች ጋር በጋምቤላ ድንበር ጣሊያንን የተዋጋው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ ሱዳን አዛንዴዎች ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አንሥቷል። ጎተራ በሰዎች ላይ ሲወድቅ ምስጥ እንደ በላው አዛንዴዎች ያውቃሉ፤ የሚጠይቁት ሰዎቹ ከሥሩ በተቀመጡበት ሰዓት ለምን እንደ ወደቀ ነው። ቀመር እዚህ ዝም ይላል፤ አማኝ ለፈጣሪ ቢተወው ፊዚክስ የሚያርመው ስህተት የለበትም። ስህተቱ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ፣ ሾፌሩ ምን መረጠ የሚለውን የመጀመሪያውን ሲሸፍን ነው። በኑዌር ልማድ ሳይታሰብ ለጠፋች ነፍስም ካሣ በከብት ይከፈላል፤ የሞቱ ሰዓት የማን ፈቃድ እንደነበር እስኪታወቅ አይጠበቅም።