ገና ያልተወለደው ባለገንዘብ

ነጋዴ ትርፉን በሚቈጥርበት ጊዜ ገና ያልተወለደውን ሰው ድርሻ ሊያስብ ይገባዋልን? ጥያቄው የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1713 ዓ.ም. በሳክሶኒ አገር የማዕድን አስተዳዳሪ የነበረው ካርሎቪትስ፤ ብር ማቅለጫው እንጨት እየተመናመነ መሄዱን አይቶ፤ የሚቈረጠው ዛፍ ከሚተካው እንዳይበልጥ በመጽሐፉ መከረ። በዚሁ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤንብሪጅ ደሴት፤ ትርፍን ከምድር ጥበቃ ጋራ አስተባብሮ የሚያስተምር ከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከመሥራቾቹም አንዱ ጊፎርድ ፒንቾት፤ ለአሜሪካ መንግሥት የደን መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ አለቃ ለነበረው ሰው የልጅ ልጅ ነው።

ይህን ትምህርት የሚነቅፉ አሉ። የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፤ የነጋዴ ኃላፊነት ሕግን ጠብቆ ለባለገንዘቦቹ ማትረፍ ነው። ነቀፋው የሚናቅ አይደለም፤ በሰው ገንዘብ መመጽወት ቸርነት አይባልምና።

ነገር ግን በሰው ገንዘብ መመጽወት ካልተገባ፤ በሰው ገንዘብ ማትረፍ እንዴት ይገባል? የልጅ ልጁን ደን ቈርጦ የሸጠ ሰው ሳያስፈቅድ ተበድሯል። ባለገንዘቡ ገና አልተወለደምና ከዳኛ ፊት ሊያቆመው አይችልም። ስለዚህ ተማሪው ትርፉን ከመጻፉ አስቀድሞ ይህን ዕዳ መጻፍ ይማር።