ብሩ ሲረክስ ዕዳው ስንት ነው?

 

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ለአንድ ወንድሜ ለአላህ ብዬ ብር አበድሬው ነበር። አሁን ሊመልስልኝ ነው። ግን ብሩ ያኔ የሚገዛውን ዛሬ አይገዛም። ጭማሪ ብጠይቅ ሪባ ይሆንብኛል? ዝም ብል ደግሞ ተበድያለሁ።»

ጥያቄው የስስት ጥያቄ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም ቀጠለ። ያኔ 57,000 ብር ያበደረ ሰው በባንኩ ዋጋ ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አበደረ። ዛሬ ያው 57,000 ብር ሲመለስለት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ አልጎደለም፤ ሰውየው ግን ጎድሎበታል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ስለ ሪባ ሲናገር፣ ተውበት ያደረገ አበዳሪ ዋናው ገንዘቡ እንዲመለስለት፣ እሱም እንዳይበድል፣ እንዳይበደልም ደንግጓል። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ «ዋናው ገንዘብ» ማለት የብሩ ቁጥር ነው ወይስ ብሩ የያዘው አቅም?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የቀደሙት ዑለሞች የወርቅ ዲናርና የብር ዲርሃም ብቻ አልነበረም የሚያውቁት። «ፉሉስ» የሚባል የመዳብ ሳንቲምም ነበር፤ ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል። የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪና በሃሩን አል-ረሺድ ዘመን ታላቁ ቃዲ የነበሩት ኢማም አቡ ዩሱፍ፣ የፉሉስ ዋጋ ከተለወጠ ተበዳሪው ዋጋውን ይመልስ ብለዋል። አብዛኞቹ ዑለሞች ግን የተበደረውን ያህል፣ የተበደረውን ዓይነት ይመልስ አሉ። በእኛ ዘመን የወረቀት ገንዘብ ሲመጣ ጉዳዩን ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ ኩዌት ላይ ተወያየበት። የወሰነውም ዕዳ በዓይነቱና በቁጥሩ እንደሚመለስ፣ ከገበያ ዋጋ ጋር ማሰርም እንደማይፈቀድ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ፍትሑ የት አለ?» ይላል። እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

አንደኛ፣ ብሩን ያረከሰው ተበዳሪው አይደለም። ያ ብር በአበዳሪው ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮም እኩል ይረክስ ነበር። ሌላው ሰው ያላደረገውን ጉዳት እሱን ክፈል ማለት አንዱን በደል በሌላ በደል መተካት ነው።

ሁለተኛ፣ በምን ይለካ? በዶላር? በወርቅ? በጤፍ? አበዳሪው ብዙ የጨመረውን፣ ተበዳሪው ትንሽ የጨመረውን ይመርጣል። ደመወዙ ንቅንቅ ያላለ መምህር ለልጁ ሕክምና የተበደረው ገንዘብ በዶላር ተሰልቶ ቢጠየቅ ምን ይውጠዋል? ነገ ብሩ ቢጠነክርስ አበዳሪው ከቁጥሩ ቀንሶ ይቀበላል? ይህ በር አንዴ ከተከፈተ «የዋጋ ማካካሻ» የሚል ልብስ የለበሰ ወለድ ይገባበታል።

«ባላበድር ኖሮ ግን ዕቃ እገዛበት ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ቀርድ ሐሰን ምጽዋት ሳይሆን ምንዳ የተጻፈለትም ለዚህ ነው፤ አበዳሪው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን በገንዘቡ ሊያደርግ የሚችለውንም ለወንድሙ ለቋል። ሸሪዓው ይህን ኪሳራ አልካደም። ከወንድምህ ላይ በግድ አታስከፍለው፣ ክፍያህ አላህ ዘንድ ነው አለ እንጂ።

እዚህ ላይ ግን ንግግሩ ፊቱን ወደ ተበዳሪው ያዞራል። ብዙ ጊዜ ፈትዋውን የምንሰማው እስከ ግማሹ ነውና።

ተበዳሪ ሆይ፣ አበዳሪህ ጭማሪ እንዳይጠይቅህ መከልከሉ አንተን ንጹሕ አያደርግህም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መክፈል የሚችል ሰው ማዘግየቱ ዙልም መሆኑን ነግረውናል። ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት አገር ማዘግየት ትርፍ አለው። በወንድምህ ብር ሱቅህን ሞልተህ፣ ዕቃው ዋጋ ሲጨምር እያየህ «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር» የምትል ከሆነ፣ በየወሩ ከኪሱ እየወሰድክ ነው። «ኢንሻአላህ» የሚለውንም ቃል ያለ ቦታው እያዋልከው ነው። የተቸገረ ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ እስኪደላው እንዲታገሱት፣ ቢምሩትም ለእነሱ የተሻለ መሆኑን አላህ ነግሯል።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አከፋፈል ደግሞ እንይ። ወጣት ግመል ተበድረው የተሻለ ግመል መለሱ፤ ከሰዎች በላጩ አከፋፈሉ ያማረ መሆኑንም ተናገሩ። ጃቢር (ረ.ዐ) የነበራቸውን ዕዳ ሲከፍሏቸው ጨምረው ሰጧቸው። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ውልም አልነበረበትም። አበዳሪው ሊጠይቀው የማይችለውን ተበዳሪው በገዛ ፈቃዱ ሊሰጠው ይችላል። ያለቅድመ ስምምነትና ያለ «እንዲህ ነው የሚደረገው» ልማድ ከተሰጠ ሪባ ሳይሆን ሱና ነው።

ሸሪዓው ጉድለቱን የመሙላቱን ሥልጣን ለማን እንደሰጠ ልብ በሉ። በብድሩ ለተጠቀመው ሰው ነው የሰጠው። ጭማሪው ከጠያቂው በኩል ሲመጣ ወለድ ይሆናል፣ ከከፋዩ በኩል ሲመጣ ኢሕሳን ይሆናል። ብሩ ያው ብር ሆኖ ሳለ የለየው ከማን ልብ መነሳቱ ነው። ስለዚህ ተበዳሪ ሁሉ ቢያንስ ራሱን ይጠይቅ፦ ገንዘቡ ጠቅሞኛል? አሁን አለኝ? ያ ሰውስ በእኔ ምክንያት ጎድሎበታል? ሦስቱም «አዎ» ከሆነ ዝም ብሎ ቁጥሩን መቁጠር ሐራም ባይሆንም የጀግና ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በሪያድ፣ በጂዳ፣ በዱባይ የሰው ቤት እየሠሩ ለቤተሰብ ያበደሩ እህቶቻችን አሉ። እህት 5,000 ሪያል «አበድሬሃለሁ» ብላ ከላከች ዕዳው 5,000 ሪያል ነው። ወንድም እዚህ በብር ስለተቀበለው ዕዳው ብር አይሆንም። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በዲናር ሸጠው በዲርሃም ስለ መቀበል ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ በዚያው ቀን ዋጋ እስከሆነና በመካከላቸው ያልተከፈለ ነገር ይዘው እስካልተለያዩ ድረስ ችግር እንደሌለው ተነግሯቸዋል። ስለዚህ በብር መክፈል ቢስማሙ የሚሰላው በሚከፈልበት ቀን ዋጋ ነው። ከዓመታት በፊት የተቀበለውን ብር ቆጥሮ «ይኸው ገንዘብሽ» የሚል ወንድም የእህቱን ላብ በልቷል። ከመነሻው በብር የተስማሙ ከሆነ ግን ዕዳው ብር ነው። ለዚህ ነው በዕዳ ጉዳይ የወረደው የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ «ጻፉት» ብሎ የሚያዘን። ከእህት ጋር መጻፍ ነውር አይደለም።

ወደፊት ለማበደር የሚሰጋ ሰውም መንገድ አለው። ወርቅ ያላት እህት ወርቁን ራሱን በግራምና በካራት መዝግባ ልታበድርና ያንኑ ያህል ወርቅ ልትቀበል ትችላለች። ብር ሰጥቶ «በወርቅ ነው የማስበው» ማለት ግን አይሆንም፤ ያ ወደ ተከለከለው ማሰር ይመልሰናል። ጠያቂው ለንግድ ከፈለገው ደግሞ ከነጭራሹ ብድር አታድርጉት። ሙዷረባ አድርጉት፤ ትርፉን በድርሻ ተካፈሉ፣ ኪሳራ ቢመጣም ተቀበሉ። በትርፉ ለመካፈል የፈለገ ሰው ኪሳራውንም መሸከም አለበት። ብድር ለችግረኛ ይቅር።

የሚያስፈራው ነገር ብሩ መርከሱ ብቻ አይደለም። ሰዎች «ከእንግዲህ ለማንም አላበድርም» ማለታቸው ነው። ያኔ የታመመ ልጅ የያዘ አባት፣ የቤት ኪራይ የጎደላት እናት ወዴት ይሄዳሉ? ወደ አራጣ አበዳሪ። ተበዳሪ አከፋፈሉን ባበላሸ ቁጥር የሚዘጋው የራሱ በር ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣው ችግረኛ በርም ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ከህፍን ስንቀራ፣ ሰለዋት ስናበዛ፣ ዕዳ ያለብን ሰውም ትዝ ይበለን። ከዐስር በፊት ደውሉለት። ካላችሁ ክፈሉት፤ ከተረፋችሁ ጨምሩለት። ከሌላችሁ አትደበቁት፣ እውነቱን ንገሩትና ቀን ተቀጣጠሩ።

አላህ በሐላሉ አብቃቅቶ ከሐራሙ ይጠብቀን። የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመሞትም ይሰውረን። አሚን። የእያንዳንዱ ውል ሁኔታ ስለሚለያይ የራሳችሁን ጉዳይ በአቅራቢያችሁ ላሉ ዑለሞች አቅርቡ።

ወላሁ አዕለም። መልካም ጁሙዓ።