የልጅ እጅና የሸማኔ እጅ

የጳጉሜን ወር ሊያልቅ ሲል፣ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲሰናዳ፣ በአዲስ አበባ መንደሮች ውስጥ አንድ ልጅ በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከደብተሩ የገነጠለውን ወረቀት በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሥዕል ሲሥል ይታያል። ፀሐይ ይሥላል፤ አበባ ይሥላል፤ ክንፉን የዘረጋ መልአክ ይሥላል። መልአኩ አንዳንድ ጊዜ ስድስት ጣት ይኖረዋል፤ ፀሐይዋም ቢጫው እርሳስ ስላለቀ አረንጓዴ ሆና ትወጣለች። መስከረም 1 ቀን ማለዳ ያንን ወረቀት ይዞ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል፤ መልካም ዘመን ተመኝቶ ይሰጣል፤ የተሰጠውን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። በዚያው ማለዳ፣ በዚያው በር ላይ ሌላ ልጅ ይመጣል። የዚህኛው ሥዕል በማተሚያ ቤት የታተመ ወይም በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ከሱቅ በብዛት የተገዛ ነው። መልአኩ አምስት ጣት አለው፤ ፀሐይዋም ቢጫ ናት። የቤቱ ባለቤት ለሁለቱም እኩል ገንዘብ ሰጥቶ በሩን ይዘጋል።

ከዚህ ትንሽ ትዕይንት አንድ ጥያቄ ይነሣል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ልዩነት አለን? ካለስ የት ይገኛል? በወረቀቱ ላይ ነውን? በሰጪው ልጅ ውስጥ ነውን? ወይስ በተቀባዩ ዓይን? ጥያቄው ለጊዜው የልጆች ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ለበዓልና ለቤት በእጅ የሚሠራውን ነገር ሁሉ፣ ከዚያም አልፎ ኅብረተሰቡ ለሥራና ለሠሪ ያለውን አመለካከት የሚነካ ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያ በዓላት ሠሪ የሚፈልጉ በዓላት ሆነው ኖረዋል። ነሐሴ 13 ቀን ለሚከበረው ቡሄ የገጠር ልጅ ቀደም ብሎ ልጥ ወይም ቃጫ ፈልጎ ጅራፉን ይገምዳል፤ ሥሩን አወፍሮ ጫፉን እያቀጠነ ካልገመደው እንደማይጮኽለት ያውቃል። ለገና ጨዋታ ጫፉ የቈለመመ እንጨት ከዱር መርጦ ይቈርጣል፤ ልጦና አለስልሶ ለእጁ ያስማማዋል። ለችቦው ደረቅ እንጨት ይለቅማል። ልጃገረዶች ከመስክ ዐደይ አበባና ለምለም ሣር ለቅመው፣ አስረው፣ በየቤቱ እየዘፈኑ ይዞራሉ። እናቶች አክርማና ስንደዶ አዘጋጅተው፣ ቀለም ነክረው፣ በወስፌ እየወጉ መሶቡንና ሰፌዱን ዙር በዙር ይሰፋሉ፤ ጥጡን ዳምጠውና ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው፣ ለበዓል ልብስ እንዲሆን ወደ ሸማኔው ይልካሉ። ዛሬ በከተማ ችቦው ተዘጋጅቶ በመንገድ ዳር ይሸጣል፤ ለቡና የሚጐዘጐዘው ሣር ሳይቀር በፕላስቲክ ተመስሎ ገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ጥያቄው የእንቁጣጣሽ ሥዕል ብቻ አይደለም።

ለጥያቄው ፈጥኖ የሚመጣው መልስ፣ በእጅ የተሠራው ያምራል የሚለው ነው። ይህ መልስ አይጸናም። ስድስት ጣት ያለው መልአክ ከታተመው መልአክ አያምርም፤ ልጁም ራሱ ይህንን ያውቃል፤ እንዲያውም ለመስጠት የሚያፍረው በዚሁ ምክንያት ነው። የፕላስቲኩ ሣር አይጠወልግም፤ ተጠራርጎ አይጣልም፤ ለሚቀጥለውም በዓል ይተርፋል። መልክንና ጥንካሬን ብቻ የሚመዝን ሰው በእጅ ለተሠራው የሚፈርድበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው መልስ ድካምን ይጠቅሳል። በእጁ የሣለው ልጅ ደክሟል፤ የገዛው ግን አልደከመም ይላል። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ቢመስልም ውስጡ ሲታይ ፍርደ ገምድል ነው። ሥዕሉን የገዛው ልጅ ክረምቱን ሙሉ ጫማ ሲጠርግ ከርሞ፣ በዚያ ባጠራቀመው ገንዘብ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ምናልባትም በእንቁጣጣሽ ማለዳ የሚያገኘውን ትርፍ ለደብተር መግዣ ዐስቦታል። በደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ መሣል የሚችለው እኮ ቁጭ ለማለት ጊዜ ያለው፣ እርሳስ የሚገዛለት ወላጅ ያለው ልጅ ነው። ድካም ከተመዘነ የሊስትሮው ልጅ ድካም ይበልጣል። በእጅ የተሠራውን ማወደስ ሳይታወቅ የመዝናኛ ጊዜ ያለውን ማወደስ፣ የሌለውንም መንቀፍ ይሆናል። ይህ ደግሞ ከሥነ ምግባር ፍርድ ይልቅ ለድሎት የሚሰጥ ምርቃት ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ በውበትም በድካምም ካልተገኘ ወዴት ይፈለጋል? የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይቷል። አንዱ መሥራት ነው፤ አንዱ ማድረግ ነው። የሚሠራ ሰው ግቡ ከሥራው ውጭ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ይቀራል፤ ቤቱም ጥሩ ከሆነ ሥራው ጥሩ ነበር ይባላል። የሚያደርግ ሰው ግን ግቡ በራሱ በድርጊቱ ውስጥ ነው፤ በጎ ያደረገ ሰው በጎ ማድረጉ ራሱ ፍሬው ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የልጁ ሥዕል ሁለቱንም ይነካል። እንደ ሥራ ከተመዘነ ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ማተሚያው ያሸንፈዋል። እንደ ድርጊት ከተመዘነ ግን ማተሚያው ከውድድሩ ውስጥ የለበትም። ልጁ መልአኩን ሲሥል የጎረቤቱን አሮጊት ዐስቧል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ መሆናቸውን ያውቃልና አበባውን ትቶ መልአክ የመረጠው ለሳቸው ነው። እናት ፈትሉን ስትፈትል ልብሱን የሚለብሰውን ሰው ቁመት፣ ብርድ የሚበረታበትን ትከሻውን ታስባለች። በእጅ የሚሠራ የበዓል ሥራ ስለ ሌላ ሰው የሚታሰብበት ጊዜ ነው። ወረቀቱ የዚያ ጊዜ ምስክር ሆኖ ይቀራል።

ክርክሩ እዚህ ቢቆም ሁሉም ደስ ብሎት በተለያየ ነበር። የሚያስቸግረው ነገር ግን ገና አልተነሣም። ይህንን ያማረ ልዩነት ያስተማረው አርስቶትል፣ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከሁሉ የተሻለች ከተማ የእጅ ባለሙያውን ዜጋ እንደማታደርገው ተናግሯል። ለመብል ሲል በእጁ የሚሠራ ሰው በሱ ዓይን የሙሉ ሰው ሕይወት መኖር የሚችል አልነበረም። ማድረግን ከመሥራት አስበልጦ ያከበረ አእምሮ፣ ሠሪውን ለማዋረድ መንገዱ ሩቅ አልሆነበትም።

የኢትዮጵያም ኅብረተሰብ በዚህ ረገድ የግሪኩ ፈላስፋ ትምህርት የሚያስፈልገው አልነበረም። የባለሙያ ሴት መሶብ በሠርግና በበዓል ይወደሳል፤ ፈትሏ ቀጭን ነው ተብሎ ስሟ ይነሣል። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ድሩን አድርቶ፣ ማጉን ወርውሮ ልብስ ያደረገው ሰው ግን «ሸማኔ» የሚለው የሙያው ስም መሰደቢያ ሆኖበት ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ» ተብሏል፤ ማረሻውን ግን ማንም አልጠላውም። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሩት ድስትና ጀበና በየጎረቤቱ ምድጃ ላይ ሲጣድ፣ እነሱ ራሳቸው ግን ቡዳ እየተባሉ ተፈርተዋል፤ ተገልለዋል። ከነዚህ ቤተሰቦች አያሌዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ እጃቸውን እንጂ ክብራቸውን የማያውቅ ጎረቤት ትተው ሄዱ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ነገሩ የአገር ጉዳት መሆኑን ተረድተው ነው። ሆኖም አዋጅ አንደበትን ይከለክል ይሆናል እንጂ ዓይንን አያስተምርም። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ለብዙ ዘመን ኖሯል።

እንግዲህ የበዓል የእጅ ሥራ የሚወደሰው ለመብል ያልተሠራ በመሆኑ ብቻ ከሆነ፣ ውዳሴው የሸማኔው ንቀት ሌላኛው ገጽታ ነው ማለት ነው። በሌላም አገር ይህ ታይቷል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ሞሪስ በ1861 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት የእጅ ሙያ በፋብሪካ ሸቀጥ እንዳይዋጥ ደክሟል። ሥራው ለሁሉም ቤት እንዲደርስ ቢመኝም በእጅ የተሠራው ዋጋው ከፍ ያለ ነበርና ገዢዎቹ በአብዛኛው ባለጠጎች ሆኑ። ይህም ነገር እያሳዘነው በኋላ ሶሻሊስት ሆኗል። የሞሪስ ዕጣ የሚያስተምረው፣ ለእጅ ሥራ ያለ ፍቅር ለሠሪው ካለ ፍትሕ ጋር ካልተጋባ የሀብታም ሳሎን ጌጥ ሆኖ እንደሚቀር ነው።

ታዲያ ልጁ መሣሉን ይተውን? እናቲቱስ እንዝርቷን ትጣልን? አይደለም። የልዩነቱ እውነተኛ ቦታ የሚገለጠው ከዚህ ችግር ውስጥ ነው። የመልአክ እጅ ለመሣል ሞክሮ ስድስት ጣት የወጣበት ልጅ፣ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል እንደ ቀድሞው አያየውም። ሠዓሊው አምስቱን ጣት እንዴት አድርጎ እንዳስማማቸው ለማወቅ ቆሞ ያያል። ጅራፉ አልጮኽ ብሎት ሦስት ጊዜ ፈትቶ የገመደ ልጅ፣ ገመድ የሚሸጥን ሰው አይንቅም። አንድ ድውር ለመፍተል ስንት ምሽት እንደሚፈጅ የምታውቅ ሴት፣ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ጥለቱን በእጇ ስትዳስስ የሸማኔው ወገብ የታጠፈበትን ሰዓት ትቈጥራለች። ለጋቢውም ዋጋ ስትከራከር የምትከራከረው እያወቀች ነው። በቤት ውስጥ ለፍቅር የሚሠራ ትንሽ ሥራ ለመብል የሚሠራውን ታላቅ ሥራ ማንበቢያ ፊደል ነው። ፊደሉን ያልቆጠረ ሰው ጽሑፉን አያከብርም፤ ቢያከብርም በወሬ ነው።

ስለዚህ ሁሉን ገዝቶ የሚያከብር ቤት የሚያጣው ጌጥን አይደለም፤ ጌጡ ከሱቅ ሊሟላለት ይችላል። የሚያጣው ሌላውን ሠሪ የሚያውቅበትን ዓይን ነው። ችቦ ያላሰረ፣ ሣር ያላጨደ፣ ወስፌ ጣቱን ያልወጋው ትውልድ የሰው ጉልበት ያለበትን ዕቃ ሁሉ ከሰማይ እንደ ወረደ ሊቈጥረው ይችላል። እንዲህ ያለ ትውልድ ሸማኔውን ስለማይሰድበው አያኰራም፤ መኖሩንም ረስቶት ይሆናልና።

ይህ ሲሆን ስለ ሊስትሮው ልጅ የሚሰጠውም ፍርድ ይስተካከላል። እሱ የታተመ ሥዕል ይዞ መምጣቱ ነውር አይደለም፤ ሐቀኛ ንግድ ነው። ነውር ካለ በሩን ከፍቶ፣ ሥዕሉን ሳያይ፣ ገንዘብ ሰጥቶ በሚዘጋው ሰው ዘንድ ነው። ሁለቱንም ወረቀቶች ሳያያቸው እኩል የከፈለ ሰው፣ ለሚሥለው ልጅ መሣልህ አይታይም ብሎታል፤ ለነጋዴውም ልጅ አንተም አትታይም ብሎታል። ድርጊት ሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል፤ ሰጪው ያሰበበትን ተቀባዩ ካላየው ስጦታው በመንገድ ይቀራል። በጎጃም ይሁን በሸዋ፣ በቤቱ የእንግዳን እግር የሚያጥብ ሕዝብ፣ በደጁ የመጣን ልጅ ሥዕል ለማየት ጊዜ አይጠፋውም።

ዐዋቂዎች ከበዓል በፊት ለልጆች ወረቀትና ቀለም ቢያቀርቡ፣ አያቶችም ጅራፍ መግመድንና መሶብ መስፋትን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ቢያሳዩ፣ ትምህርት ቤቶችም ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በመምህርነት ቢጋብዙ፣ ወጪው ጥቂት ነው። ጫማ ለሚጠርገውም ልጅ አንድ እርሳስና አንድ ከሰዓት በኋላ መስጠት ይቻላል። ያኔ የእሱም መልአክ ስንት ጣት እንደሚኖረው ይታያል።

መስከረም 1 ቀን ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ከፋቹ ጥቂት ይቆይ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ይመልከተው። «ፀሐይዋ ለምን አረንጓዴ ሆነች?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁም ቢጫው እርሳስ ማለቁን ይነግረዋል።