ያደረ ሳቅ፣ ያደረ እንባ፦ አሮጌ ፊልም ዳግም ሲታተም የሐያሲው ዕዳ

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። የፊልሙ መሠረት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለብሪታንያ ተመልካች ያቀረበው ‹‹ያልታወቀው ረሃብ›› የተሰኘ ዝግጅት ነበር። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ የታየው ለንደን ላይ ከታየው ጋር አንድ አልነበረም። በረሃብ በጠወለጉት የወሎ ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና የድግስ ምስሎች ተሰክተውበት ነበር። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ከዚያ ምሽት የሚነሳው የሞራል ጥያቄ ዛሬም አላረጀም። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን እውነቶች አንድ ላይ የሰፋው መርፌ ግን የጋዜጠኛው አልነበረም። የመጀመሪያውን ቅጂ ያላየ ሰው ደግሞ በመመልከት ብቻ ስፌቱ የት ላይ እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ታዲያ ከሁለት እውነቶች የተሰፋ ፊልም እውነት ነው ይባላል ወይስ ውሸት?

‹‹ግፉ የአደባባይ ነበር፤ ስፌቱ የሸሸገው ነገር የለም፤ እንዲያውም ገለጠው›› ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያንኑ ፊልም የሰፋው መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ዳግም በረሃብ ይረግፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ድግሱንና ረሃቡን ጎን ለጎን የሚሰፋ መርፌ በመንግሥቱ ቴሌቪዥን ቤት አልተገኘም። መርፌውን የያዘ እጅ የሚሰፋውንም የማይሰፋውንም ይመርጣል። ተመልካች ስለ ስፌቱ ካልተነገረው፣ ዛሬ እውነትን የገለጠለት እጅ ነገ እንደሚሸሽግበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ጥያቄ ዙፋን በሚወድቅበት ምሽት ብቻ የሚነሳ አይደለም። አሮጌ ዘጋቢ ፊልምና አሮጌ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላም በዲቪዲ ታትመው ወደ መኖሪያ ቤት በገቡ ቁጥር፣ ጸጥ ባለ መልኩ ይነሳል። እነዚህን ኅትመቶች የሚገመግም ሐያሲ የተለመደ ሥራ አለው። ምስሉ ጠርቷል ወይ? ድምፁ ይሰማል ወይ? የግርጌ ጽሑፉ ልክ ነው ወይ? ከፊልሙ ጋር ምን ቃለ ምልልስ ተጨምሯል? ዋጋውስ ይገባዋል? እነዚህን መልሶ ገዢን ያማክራል። መልካም ነው። ነገር ግን ሐያሲው ለገዢው ብቻ ነው ወይ ባለዕዳው? በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች፣ እንዲሁም ትናንት ያለቀሱበትና የሳቁበት ተመልካቾች፣ እነዚህ ሁሉ ለራሳቸው መናገር በማይችሉበት ጊዜ ስለ እነርሱ የሚቆመው ማን ነው?

አንድ ምሳሌ ከፈረንሳይ ይወሰድ። አላን ሬኔ ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፖች የሠራው ‹‹ሌሊትና ጭጋግ›› የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1956 ለሕዝብ ቀረበ። የፊልሙን ንባብ የጻፈው ከእንዲህ ያለ ካምፕ በሕይወት የወጣው ዣን ኬሮል ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ፖሊስ በፈረንሳይ ምድር የነበረን ካምፕ ሲጠብቅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበረበት። የፈረንሳይ ሳንሱር ይህን አልወደደም። የአይሁድን ስቃይ ማሳየት ተፈቀደ፤ የፈረንሳይን እጅ ማሳየት ግን አልተፈቀደም። በመጨረሻ የፖሊሱ ቆብ በአግዳሚ እንጨት መሳይ ቅብ ተሸፈነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለቤት መመልከቻ በተዘጋጁ ኅትመቶች ላይ ቅቡ ተነስቶ ቆቡ ተገለጠ።

የምስሉን ጥራት ብቻ የሚመዝን ሐያሲ ቢሆን ይህን ኅትመት ‹‹ጥቁርና ነጩ ደምቋል›› ብሎ ያልፈው ነበር። በዚያ ኅትመት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ግን የአንዲት ቆብ መገለጥ ነው። አንድ አገር ለዓመታት አላየሁም ያለውን ራሱን በመስተዋት ያየው በዚያች ቆብ ነው። እንዲህ ያለ እድሳት ዕዳ መክፈል ነው። ይህን የማይነግር ሂስ ለአንባቢው መረጃ አጉድሎበታል፤ ለሞቱት ደግሞ ምስክርነት ነፍጓቸዋል።

ወደ ኮሜዲ ሲታለፍ ነገሩ የቀለለ ይመስላል። ‹‹ሳቅ ነው፤ ምን ዕዳ አለበት?›› ይባል ይሆናል። ሆኖም ሳቅም ሰነድ ነው። አንድ ኅብረተሰብ በማን ላይና ስለ ምን እንደሚስቅ ከአዋጆቹ ይልቅ ኮሜዲዎቹ ይመሰክሩበታል።

ከ1972 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታየው ‹‹ማሽ›› የተሰኘ ተከታታይ ኮሜዲ በኮሪያ ጦርነት የአንድ የአሜሪካ ጦር የመስክ ሆስፒታል ሐኪሞችን ሕይወት ያሳያል። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በተዋጉበት በዚያው ጦርነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ኢትዮጵያዊ ተመልካችን ከሩቅ የሚነካ ክር አለው። አዘጋጆቹ በፊልሙ ላይ የተቀዳ የተመልካች ሳቅ እንዲጨመር አልፈለጉም ነበር፤ ጣቢያው ግን ኮሜዲ ያለ ሳቅ አይሆንም አለ። በስምምነት በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳቁ ጸጥ እንዲል ተደረገ። ሰው በሚሞትበት ጠረጴዛ አጠገብ የማይታይ ሕዝብ ሊስቅ አይገባም ማለት ነው። ተከታታዩ በዲቪዲ ሲታተም ለተመልካቹ ምርጫ ተሰጠው፤ ከፈለገ ከሳቁ ጋር፣ ካልፈለገ ያለ ሳቁ ይመልከት። ይህ በሐቀኝነት የተሠራ ለውጥ ነው። ጣቢያው ያስገደደው አልተደመሰሰም፤ አዘጋጆቹ የተመኙትም አልተቀበረም። ስፌቱ በግልጽ ታይቷል፤ መቀሱም ለተመልካቹ ተሰጥቷል።

በአንጻሩ ‹‹ደብሊው ኬ አር ፒ በሲንሲናቲ›› የተሰኘው የሬዲዮ ጣቢያ ኮሜዲ የመጀመሪያ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2007 በዲቪዲ ሲወጣ ብዙዎቹ ዘፈኖች በሌላ ሙዚቃ ተተክተው ነበር። ምክንያቱ የቅጂ መብት ክፍያ መወደዱ ነው። በ2014 ሌላ አሳታሚ አብዛኞቹን ዘፈኖች መልሶ አሳተመው። ዘፈን የሬዲዮ ጣቢያ ነፍስ ነው፤ ዘፈኑ ሲለወጥ ቀልዱም ይለወጣል። በዚህ ላይ ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የነበረው ሒሳብ ነው። ሆኖም ሒሳብም እንደ ሳንሱር ትናንትን ሊቀይር ይችላል። ሐያሲ ይህን ሲናገር ገበያን መቃወሙ አይደለም፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስምና በውስጡ ያለው ነገር አንድ አለመሆኑን መግለጡ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሳቁ ራሱ ቁስል ሲኖርበት ነው። ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ የጻፉት ‹‹ፎልቲ ታወርስ›› በእንግሊዝ አገር በአንድ ሆቴል ውስጥ የሚካሄድ፣ በ12 ክፍሎች ብቻ ዝናው የናኘ ኮሜዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በታየው ‹‹ጀርመኖቹ›› በተሰኘው ክፍል፣ በሆቴሉ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጡረተኛ ሻለቃ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ቃል ይናገራሉ። ቢቢሲ በ2013 ክፍሉን ሲደግም ያን ንግግር ቆርጦ አወጣ። በሰኔ 2020 ደግሞ ሌላ አሰራጭ ክፍሉን ለጥቂት ቀናት ከነጭራሹ አነሳው፤ ተቃውሞ ሲበረታ ማስጠንቀቂያ ጨምሮ መለሰው። ክሊዝ ‹‹የሚሳቅባቸው ሻለቃው ራሳቸው ናቸው›› የሚል መከራከሪያ አቀረበ።

መከራከሪያው እውነት አለው፤ ግን አይጨርስም። አማርኛ ‹‹ጥርስ ባዳ ነው›› ይላል። ስድቡ የሚመለከተው ሰው፣ ለምሳሌ ከካሪቢያን ወይም ከአፍሪካ ቀንድ ሄዶ በለንደን የሚኖር እንግዳ፣ በዚያው ሳሎን ውስጥ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ቢሆንስ? ጥርሱ ከሌሎቹ ጋር ይስቅ ይሆናል፤ ሆዱ ግን ሌላ ነገር ይሰማዋል። ስለ ጥበብ ነጻነት የሚጽፍ ሐያሲ ይህን ሰው ካልቆጠረ ፍርዱ ጎዶሎ ነው።

ታዲያ ይቆረጥ? እዚህ ላይ የሚታሰብ ነገር አለ። ስድቡ ሲቆረጥ የሚጠቀመው ማን ነው? የተሰደበው ሰው ስድቡ ስለተፋቀለት ካሳ አላገኘም፤ ምስክሩን ግን አጥቷል። ነገ ልጁ ‹‹ያን ጊዜ እንዲህ ይባል ነበር ወይ?›› ብሎ ሲጠይቀው፣ የተጣራው ቅጂ ‹‹አልተባለም›› ብሎ ይመልስለታል። ከመቁረጥ የሚጠቀመው ትናንት ሳይሳቀቅ የሳቀው ኅብረተሰብ ነው፤ እጁን ታጥቦ ይወጣል። ስለዚህ በደጁ ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ በቤቱ ውስጥ ምላጭ ከመዞር ይሻላል። የተጎዳው ሰው ላለመግባት መብቱ ይጠበቅለታል፤ ለመግባት የወሰነም ቤቱን እንደነበረ ያገኘዋል።

ይህ ሲባል ግን ማንኛውም ምስል እንዳለ መቅረቡ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም። ወደ ወሎ ሰዎች መመለስ ያሻል። ስለ ታደሰ የረሃብ ፊልም ሲጻፍ ‹‹ምስሉ እንደ መስተዋት ጠርቷል›› ማለት ይቻላል። ግን የጠራው ምንድን ነው? በሞት አፋፍ ላይ ያለች እናት ፊት ነው። እርሷ በዲስክ ታትማ በየሳሎኑ እንድትታይ ማንም አላስፈቀዳትም። እዚህ ላይ የሐያሲው ዕዳ ከምስሉ ጥራት አልፎ ይሄዳል። ፊልሙ የት፣ መቼና በማን ተነሳ? በውስጡ ያሉት ሰዎች ስም አላቸው ወይስ ‹‹ረሃብተኛ›› ብቻ ናቸው? በሽፋኑ ላይ የሚሞት ሕፃን ለገበያ ማባበያ ሆኗል ወይ? እነዚህን መጠየቅ ለፊልሙ ክብር መስጠት ነው፤ ለሰዎቹ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ስማቸውን መፈለግ ነው።

የአማርኛ ኮሜዲና ድራማም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደሉም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይና በናይሮቢ ቤቶች ውስጥ አማርኛን ያቆዩት በከፊል ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጡ ቀልዶች ናቸው። በግልበጣው ብዛት ምስሉ ደበዘዘ፤ ግን ከምስሉ መደብዘዝ ይልቅ የሚያሳዝነው ደራሲው፣ ተዋናዩና ዓመተ ምሕረቱ የሚጻፍበት ክፍል ተቆርጦ መቅረቱ ነው። በልጅነቱ ያሳቀውን ሰው ስም የማያውቅ ትውልድ፣ ሳቁን ወርሶ አሳቂውን ረስቷል። ዛሬ እነዚህን ሥራዎች አድሶ የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ፣ የመጀመሪያ ሥራው ቀለሙን ማድመቅ ሳይሆን ስማቸውን መመለስ ሊሆን ይገባል።

ጊዜው ደግሞ አስቸኳይ ነው። ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ መላኩን በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. አቁሟል። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዲስክ ባለቤቱ ሳያውቅ አይለወጥም፤ በመስመር የሚመጣ ፊልም ግን ሌሊት ተቆርጦ ጠዋት እንዳልተነካ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ጠባቂ ያጣ ነገር መጥፋቱም አዲስ አይደለም። ቢቢሲ በአንድ ወቅት ውድ የነበረውን ቴፕ ደምስሶ ሌላ ይቀርጽበት ስለነበር፣ ‹‹ዳድስ አርሚ›› ከተሰኘው ተወዳጅ ኮሜዲ የ1969 እ.ኤ.አ. ሦስት ክፍሎች እስከ ዛሬ አልተገኙም።

‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› ይባላል። ንጋት ጠባቂ አያሻውም፤ በራሱ ይጠራል። በሴሉሎይድና በቴፕ ላይ ያደረ እውነት ግን የሚጠራው የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። አንዱ ፊልሙን ያኖራል፤ ሌላው በሐቀኝነት ያሳትማል፤ ሐያሲው ደግሞ ስፌቱ የት ላይ እንዳለ ለአንባቢው ያሳያል። በዚያ በመስከረም 1 ምሽት ከማያ ገጹ ፊት የተቀመጠው ተመልካች የጎደለውም ይኸው ነበር።