ግብር ከፋዩና ግብር ገማቹ በአንድ ዳኛ ፊት

ግብር የሚለው ቃል በቋንቋችን ከአንድ በላይ ትርጉም አለው። በግእዙ ሥራ ማለት ነው፤ ምግባር የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። በአማርኛው ባላገር ለመንግሥት የሚያገባው ገንዘብና እህል ግብር ይባላል። በቀድሞው ዘመን ደግሞ ንጉሡ ወይም መኰንኑ በአዳራሹ ለሠራዊቱ የሚያበላው ድግስ ግብር ይባል ነበር። ግብር ገባ ስንል ከፈለ ማለታችን ነው፤ ግብር በላ ስንል ከማዕዱ ተቀመጠ ማለታችን ነው። የሚወጣውና የሚመለሰው በአንድ ቃል መጠራቱ ታላቅ ትምህርት አለው፤ ከባላገሩ ጎተራ የወጣው ተመልሶ የብዙዎች ማዕድ ሊሆን ይገባው ነበርና። ነገር ግን የሚያገባው አንዱ፣ የሚበላው ሌላው እየሆነ ብዙ ዘመን ስላለፈ፣ በሰው ልብ ውስጥ የተነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ግብር መክፈል ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ፣ የተጠየቀው ልክ ፍትሕ የጎደለው በሆነ ጊዜ ክርስቲያን ምን ያድርግ?

ይህ ጥያቄ የጉባኤ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። የመካነ ሰላም ነጋዴ ሱቁን ከፍቶ በተቀመጠ ጊዜ፣ የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላና የአማራ ሳይንት ገበሬ መከሩን ሰብስቦ የዓመቱን ግብር ሊከፍል በወጣ ጊዜ በልቡ የሚያወጣውና የሚያወርደው ነገር ነው። ገቢን መሸሸግ ኀጢአት ነው ወይስ ብልሃት ነው ብሎ ለሚጠይቅ የንስሐ ልጅ ካህኑ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ዲናር እንዲያሳዩት አዘዘ፤ በላዩ ያለው መልክና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ ለምድራዊው ንጉሥ የሚገባውን ለንጉሡ፣ ለአምላክ የሚገባውንም ለአምላክ እንዲሰጡ አስተማራቸው። በዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያ ቄሣር አሕዛባዊ ነበር፤ ለአይሁድም ባዕድ ገዥ ነበር። ስለዚህ ግብር የመክፈል ግዴታ የሚመሠረተው ገዥውን በመውደድ ወይም በመጥላት አይደለም። ጠያቂዎቹ ዲናሩን የያዙት በገበያው ስለ ተገበያዩበት፣ በመንገዱም ስለ ተመላለሱበት ነው። በጋራ ነገር የሚጠቀም ሰው የጋራ ዕዳ አለበት።

ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ለከፋዩ ብቻ ተናግሮ ሰብሳቢውን ዝም አላለውም። መጥምቁ ዮሐንስ ሊጠመቁ ለመጡት ቀራጮች ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ አስጠንቅቋቸዋል። ዘኬዎስ በተመለሰ ጊዜ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገብቷል። ሮብዓም ሸክሙን እንዲያቀልለት የለመነውን ሕዝብ በማክበዱ ዐሥሩን ነገድ አጥቷል። ነህምያ ግን ሕዝቡ የንጉሡን ግብር ለመክፈል እርሻውንና የወይን ቦታውን አስይዞ መበደሩን ሰምቶ አራጣ የሚወስዱትን መኳንንት ገሠጸ፤ ራሱም ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ ተወ። እንግዲህ መክፈል አንድ ትእዛዝ ነው፤ በልክና በእውነት መሰብሰብም ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። አንዱን ይዞ ሁለተኛውን መጣል ትምህርቱን መክፈል ነው።

ወደ አገራችን ታሪክ ብንመለስ ይኸው ነገር በደጃችን ሲፈተን እናያለን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከበሽሎ ወንዝ በላይ በመቅደላ አምባ ሕይወታቸው ያለፈው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ መኖሩን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር ዐስበው ነበር። ለዚህም ገንዘብ ቢያስፈልጋቸው፣ ለእያንዳንዱ ደብር ለተወሰኑ ካህናትና ዲያቆናት የሚበቃ መሬት ቀርቶ ሌላው ለገባር እንዲሰጥ ጠየቁ። ካህናቱ እንቢ አሉ፤ ጠቡም ከርሮ ለመንግሥታቸው መዳከም አንዱ ምክንያት ሆነ። ንጉሡ በኋላ በሕዝቡ ላይ ያደረሱት ጭካኔ የሚካድ አይደለም፤ ጥያቄአቸው ግን አብሮ አልሞተም። አንዱ ከሸክም ነጻ በሆነ ቍጥር የርሱ ድርሻ በሌላው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የቤተ ክርስቲያን መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወሰደ ወዲህ ነገሩ ያለፈ ቢመስልም፣ እኛ አገልጋዮች ስለ ግብር ስናስተምር ይህን ታሪክ አስታውሰን በትሕትና ልንናገር ይገባናል።

በቀድሞው ሥርዓት ዐሥራት ገማች ወደ አውድማ ወርዶ፣ ክምሩን በዓይኑ መጥኖ፣ ይህን ያህል ይወጣዋል ብሎ ይቈርጥ ነበር። ገማቹ እግዚአብሔርን የሚፈራ ከሆነ ገበሬው ያመሰግናል፤ ጉቦ የለመደ ከሆነ ግን የደኻው ክምር ይተልቃል፣ የባለጸጋው ክምር ያንሳል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ ዐሥራቱንም በጋሻ በሚቈረጥ ገንዘብ ለወጠው። ጎጃም፣ ትግሬና ቤጌምድር ግን በቀድሞ ልማዳቸው ቀሩ። ከዚያ በኋላ የትምህርትና የጤና ግብር ተጨመረ። የተጨመረበት ዐሳብ መልካም ነበር፤ ሆኖም ከከፈለው ገበሬ ብዙው ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት፣ የታመመ የሚያሳክምበት ጤና ጣቢያ በአጠገቡ አልነበረውም።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ዐሥራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል አዋጅ ወጣ። ሰው እንደ ገቢው ይክፈል ማለት ከቀድሞው ይልቅ ለፍትሕ የቀረበ ዐሳብ ነው። ነገር ግን ከቦረና ማዶ፣ ከዓባይ ወዲያ፣ በሞጣና በቢቸና የነበረው የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን ባየ ጊዜ ከግብሩ ይልቅ የፈራው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነጠቅ ነበር። ዐመፅ ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻም መንግሥት አገረ ገዥውን አዛወረ፣ ውዝፉን ግብርም ማረ። ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ የሆነ ሕግ እምነት በሌለበት እጅ ሲገባ እንደ ግፍ ይቈጠራል። እምነት ደግሞ በአዋጅ አይታዘዝም፤ በዘመናት መልካም ሥራ ይገኛል፣ በአንድ ገማች ክፋትም ይጠፋል።

ያለንበት ዘመንም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ለሌለባቸው፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች ለሆነ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ፣ በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ቦታዎች ሱቆች ተዘጉ። ከነጋዴዎቹ ብዙው ግብር አንከፍልም አላሉም፤ ያልሸጥነውን ሸጣችሁ አትበሉን አሉ። ገማቹ ከአውድማ ወደ ሱቅ ደጃፍ ተዛወረ እንጂ የነገሩ ሥር አንድ ነው።

የደጋው ገበሬ ግብር የሚቈረጠው በመሬቱ ስፋት ነው። አብዛኛው ይዞታ ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ ሲሆን፣ ገብሱን ውርጭ የመታበት ሰውና መከሩ የሰመረለት ሰው የመሬታቸው ስፋት እኩል ከሆነ ዕዳቸውም እኩል ይሆናል። ገበሬው ግን ብዙ ጊዜ የሚያማርረው በደረሰኝ ከሚከፍለው ግብር ይልቅ ስለ ልዩ ልዩ መዋጮ ነው። በሕግ የተወሰነ ግብር ልኩ ይታወቃል፤ መዋጮ ግን በፈቃድ የሚሰጥ ነውና ፈቃድ ሳይጠየቅበት ሲቀር ስሙ ብቻ መዋጮ ሆኖ ይቀራል። ደመወዝተኛው ደግሞ ግብሩ የሚቈረጠው ገንዘቡን በእጁ ሳይዘው ነው። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ቢልም፣ እርሱ መሸሸግ የማይችል ስለ ሆነ፣ የሚሸሽገው ሰው ያጐደለውን የሚሞላው እርሱ መሆኑን ያውቃል።

አሁን ሰዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት እንመርምር። አንደኛው፣ የከፈልነውን ሹማምንት ይበሉታል የሚል ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው ተረት ይህን ልማድ ያሳያል፤ ምሬቱም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የሌባ መኖር ሌላ ሌባ መሆንን አያጸድቅም። ከጋራ ጎተራ አንዱ በኋላ በር ሲሰርቅ ሌላው በፊት በር የሚገባውን ቢያስቀር፣ ተርቦ የሚያድረው ጎተራውን የሚጠብቀው ድኻ ነው። ሰራቂውን በሕግ መጠየቅ፣ ሒሳቡ እንዲገለጥ መጠየቅ ግን የከፋዩ መብት ነው፤ ግዴታውም ነው። የከፈለ ሰው ይህን ሲጠይቅ አፉ ንጹሕ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ጎረቤቴ ሳይከፍል እኔ ለምን የሚል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የአገራችን የግብር ገቢ ከጠቅላላ ምርቷ ከመቶ ዐሥር እጅ በታች መሆኑ ሎሚውን የሚሸከሙት ጥቂቶች እንደ ሆኑ ያሳያል። የተሸሸገው በበዛ ቍጥር በተገለጠው ላይ ይጫናል።

ሦስተኛው፣ ለቤተ ክርስቲያን ዐሥራት በኵራት አወጣለሁና ይበቃኛል የሚል ነው። ይህ ለእግዚአብሔር የሚገባውን ለቄሣር መከልከያ ማድረግ ነው። ከተሸሸገ ግብር የወጣ መባ የሌላው ሰው ገንዘብ ስለ ሆነ መሥዋዕትነት የለውም። ካህኑም ይህን ሳይፈራ ሊናገር ይገባዋል፤ መባው ትልቅ ስለ ሆነ ዝም ቢል ከድርጊቱ ተካፋይ ይሆናል።

በተለይ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስብ ነጋዴ ይህን ያስተውል። ገዢው ከዕቃው ዋጋ በላይ ከመቶ ዐሥራ አምስት እጅ ሲከፍል ገንዘቡን ለነጋዴው አልሰጠም፤ አደራ ሰጠው እንጂ። ደረሰኝ ሳይቈርጥ ይህን ገንዘብ በኪሱ የሚያስቀር ሰው ከመንግሥት ሸሸግሁ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ይችላል፤ በእውነቱ ግን የከፈለውን ገዢ አደራ በልቷል። አደራ መብላት ደግሞ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የተጠላ ነው። በወሎ ምድር ሁለቱ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ መንገደኛውን ሃይማኖቱን አይጠይቀውም።

እንግዲህ ግምቱ ከገቢው በላይ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ? እውነተኛ ገቢውን ይግለጥ፣ ማስረጃውን ይያዝ፣ አቤቱታውን ከወረዳ እስከ ይግባኝ ያቅርብ፤ ብቻውን አቅም ቢያጣ ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ በሰላም ይጮኽ። በእውነት አቤት ማለት ዐመፅ አይደለም፤ የሮብዓም ሕዝብም አስቀድሞ ለምኖ ነበር። ሐሰተኛ መዝገብ መጻፍና ለገማቹ ጉቦ መስጠት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ዛሬ ለርሱ የቀነሰው ብዕር ነገ በሌላው ድኻ ላይ ይጨምራልና።

ገማቹም ያስብ። ሥራው የሰውን እንጀራ መመዘን ነው። ከእውነቱ አብልጦ ቢጽፍ የልጆችን ጕርሻ ይቈርጣል፤ ለዘመድ ወይም ለገንዘብ ሲል ቢያሳንስ የጋራውን ይሰርቃል። የበላይ አለቃውም ይህን ያህል አምጣ ብሎ ቍጥር ብቻ ሲያዝዘው፣ ቍጥሩ ከማን ጎተራ እንደሚወጣ ሊጠይቅ ይገባዋል። ገዥዎችም ግብሩ ማዕድ ሆኖ ሲመለስ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ ሆኖ ሲታይ ሕዝቡ ያለ ዱላ እንደሚከፍል ይወቁ።

ሁለት መዝገብ አለ፤ አንዱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፣ ሁለተኛው በሰማይ ነው። በመጀመሪያው ከፋዩ ሊሸሽግ፣ ገማቹም ሊጨምር ይችላል። በሁለተኛው ግን ሁለቱም እንደ ሥራቸው፣ እንደ ግብራቸው ተጽፈዋል። ለከፋዩ እውነትን፣ ለሰብሳቢው ርኅራኄን፣ ለገዥው ፍትሕን እንዲሰጥልን የሁሉ ዳኛ የሆነውን እግዚአብሔርን እንለምን። ለዘለዓለሙ አሜን።